ሁለተኛው ፍሪዘር ያተርፋል ወይስ ያከስራል?

ከበረዶ ንግድ እስከ ቅርጫ፤ አጭር ታሪካዊ ዳሰሳ

የማኅበራችን የ10ኛ ዓመት መጽሔት አዘጋጆች ታሪክ ነክ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቁኝ፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት ስለ ዐድዋ ወይም ስለ አክሱም መጻፍ ይቻል ነበር። ስለ እነዚህ ግን የተሻሉ ሊቃውንት ጽፈዋል፤ ወደፊትም ይጽፋሉ። እኔ የመረጥኩት በየቤታችን ምድር ቤትና ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሌት ተቀን እያጉረመረመ የሚኖረውን ሁለተኛውን ፍሪዘር ነው።

ርዕሱ ፈገግ የሚያሰኝ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በታክሲ ተራ ላይም ሆነ በየቤቱ ቡና ላይ ይህን ያህል የሚያከራክር ነገር ጥቂት ነው። አንዱ ወገን፣ «ሥጋውን በጅምላ ገዝቼ፣ እንጀራውን ጋግሬ አስቀምጣለሁ፤ ፍሪዘሩ ዋጋውን በዓመት መልሷል» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «ለመብራት ከፍዬ፣ ለፍሪዘር ከፍዬ፣ መጨረሻ ላይ የማላውቀውን ጥቅልል ወደ ቆሻሻ እጥላለሁ» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ማን መቼ ልክ እንደሆነ ለማወቅ ግን ይህ ሣጥን ከየት መጣ፣ ማን ሸጠው፣ ምን ብሎ ሸጠው የሚለውን መመርመር ይጠቅማል። የፍሪዘር ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ የቁጠባ ተስፋ ታሪክ ነውና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እጠይቃለሁ።

በረዶ እንደ ሸቀጥ

ዛሬ ቅዝቃዜ ከግድግዳ በሶኬት የሚመጣ ይመስለናል። ከ200 ዓመት በፊት ግን ቅዝቃዜ በመጋዝ ተቆርጦ፣ በመርከብ ተጭኖ የሚሸጥ ሸቀጥ ነበር። ፍሬድሪክ ቱዶር የተባለ የቦስተን ነጋዴ በ1806 በማሳቹሴትስ በክረምት የረጋ በረዶ አስጭኖ በካሪቢያን ባሕር ወደምትገኘው ወደ ማርቲኒክ ደሴት ሄደ። ሰው ሳቀበት፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሰረ፤ በዕዳም ታሰረ። ተስፋ ግን አልቆረጠም። በ1833 ወደ 180 ቶን የሚሆን በረዶ ከቦስተን ወደ ሕንድ አገር ወደ ካልካታ ላከ። መርከቧ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ አቋርጣ ከአራት ወር ያህል ጉዞ በኋላ ስትደርስ ወደ 100 ቶን የሚሆነው ገና አልቀለጠም ነበር። ምስጢሩ በረዶውን በሰጋቱራ ሸፍኖ አጠጋግቶ መደርደሩ ነበር።

በዚያን ዘመን የአሜሪካ የከተማ ቤተሰብ ምግቡን የሚያስቀምጠው በበረዶ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ በረዶውን ደግሞ ሻጩ በጋሪ እየዞረ ያድላል። የበረዶ ሣጥን ወተትና ቅቤን ለጥቂት ቀናት ያቆያል እንጂ ሥጋን ለወራት አያቆይም። በመሆኑም የገጠሩ አሜሪካዊ ከእኛ አያቶች ብዙ የተለየ አልነበረም። ከብቱንና አሳማውን በብርድ ወራት ያርዳል፤ ሥጋውን በጨው ይቀምማል፤ በጭስ ያደርቃል፤ አትክልቱን በጠርሙስ ያሽጋል። እኛ ሥጋን ቋንጣ፣ እንጀራን ድርቆሽ፣ ቅቤን ንጥር እንደምናደርገው ማለት ነው።

ከዩኒቨርሲቲ የወጣው ተማሪ

የዛሬው የበረደ ምግብ አባት ተብሎ የሚታወቀው ክላረንስ በርድስአይ በ1886 በብሩክሊን ተወለደ። አምኸርስት ኮሌጅ ገብቶ ሲማር የገንዘብ እጥረት ስለገጠመው ሳይጨርስ ወጣ። በ1912 ዛሬ የካናዳ ክፍል ወደሆነችው ወደ ላብራዶር ለቀበሮ ቆዳ ንግድ ሄደ። በዚያም ኢኑይት የተባሉት የአገሩ ሰዎች ዓሣ ሲያጠምዱ ተመለከተ። ዓሣው ከውኃ እንደወጣ በኃይለኛው ብርድና ነፋስ ወዲያውኑ ድንጋይ ይሆናል፤ ከወራት በኋላ ቀልጦ ሲበላ ግን ጣዕሙ ትኩስ እንደተያዘ ነው።

በርድስአይ ምክንያቱን መረመረ። ምግብ ቀስ ብሎ ሲበርድ በውስጡ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም የሥጋውን ሕዋሳት ይቀዳሉ፤ ሲቀልጥ ውኃው ይፈስሳል፤ ሥጋውም ይልፈሰፈሳል። በፍጥነት ሲበርድ ግን ቅንጣቶቹ ደቃቅ ስለሚሆኑ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ይህን የኢኑይት ጥበብ ወደ ማሽን ለውጦ በ1924 በግሎስተር፣ ማሳቹሴትስ ኩባንያ አቋቋመ። በ1929 ድርጅቱንና የፈጠራ መብቱን በ22 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በመጋቢት ወር 1930 በስፕሪንግፊልድ ከተማ የበረደ ሥጋ፣ ዓሣና አትክልት ለመጀመሪያ ጊዜ በሙከራ መልክ ለሕዝብ በችርቻሮ ቀረበ።

እዚህ ላይ ለርዕሳችን የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ገዢው የበረደውን ምግብ ወደ ቤቱ ወስዶ የሚያኖርበት ቦታ አልነበረውም። የዘመኑ ፍሪጅ ያለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ ጥግ የበረዶ ኪዩብ ከመሥራት አታልፍም ነበር። ባለሱቁም ቢሆን ተገቢ ፍሪዘር አልነበረውም። ስለዚህ ምግቡ ከሣጥኑ ቀደመ። ሣጥኑ ወደ ቤት እስኪገባ ድረስ አሜሪካውያን ሌላ መፍትሔ አገኙ፤ ያም መፍትሔ የጋራ ነበር።

የጋራው ቀዝቃዛ መጋዘን

በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ ገበሬዎች መካከል መብራት የነበረው ከአሥሩ አንዱ ያህል ብቻ ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1935 የገጠር ኤሌክትሪክ አስተዳደርን አቋቋሙ፤ በ1936 ሕግ ወጣለት፤ ገበሬዎችም በኅብረት ሥራ ማኅበር እየተደራጁ ብድር ወስደው መስመር መዘርጋት ጀመሩ። ይሁን እንጂ መብራት የገባለት ሁሉ ፍሪዘር አልገዛም። ዋጋው ውድ፣ ዓይነቱም ጥቂት ነበር።

በዚህ ጊዜ በየትንንሹ ከተማ «ሎከር ፕላንት» የተባሉ የጋራ ማቀዝቀዣ መጋዘኖች ተስፋፉ። አንድ ትልቅ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቁልፍ ያላቸው ብዙ ሣጥኖች ይደረደራሉ። ቤተሰብ አንዱን ሣጥን በዓመት ይከራያል። ገበሬው ከብቱን ያመጣል፤ የመጋዘኑ ሥጋ ቆራጭ ይበልተዋል፤ ይጠቀልለዋል፤ በጥቅሉ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ በፍጥነት አብርዶ በሣጥኑ ያኖርለታል። እናት ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ለሳምንት የሚበቃትን ይዛ ትመለሳለች። ከእነዚህ መጋዘኖች ብዙዎቹ የተከፈቱት በበረዶ ፋብሪካዎችና በወተት ማቀነባበሪያዎች ሲሆን፣ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ያቋቋሟቸውም ነበሩ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ጠነከረ። በ1942 ለቤት የሚሆን ፍሪጅ ማምረት ቆመ፤ ፋብሪካው ሁሉ ወደ ጦር መሣሪያ ዞረ። በ1943 የታሸገ ምግብና ሥጋ በራሽን ሆነ። ስለዚህም የራሱን ሥጋ አርዶ፣ የራሱን አትክልት አብቅሎ በጋራ መጋዘን ያስቀመጠ ቤተሰብ በእርግጥ ተጠቀመ።

የሎከር ቁጠባ ከየት መጣ? አንደኛ፣ የአንዱ ትልቅ ሞተር ወጪ ለብዙ ቤተሰብ ይከፋፈላል። ሁለተኛ፣ ሥጋውን የሚበልተውና የሚጠቀልለው ባለሙያ ስለሆነ የሚበላሸው ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ የሚቀመጠው ምግብ ገበሬው ራሱ ያመረተው ስለሆነ ከገበያ ዋጋው በብዙ ይረክሳል። እነዚህን ሦስት ነጥቦች አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ሣጥኑ ወደ ቤት ሲገባ

ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካዎቹ ወደ ቤት ዕቃ ተመለሱ። ወታደሩ አገሩ ገባ፤ ቤት ሠራ፤ መኪና ገዛ፤ ልጆች ወለደ። ፍሪዘሩም ከጋራው መጋዘን ወጥቶ ወደየቤቱ ምድር ቤት ወረደ። የሎከር መጋዘኖች ቁጥር ከ1950ዎቹ ጀምሮ እያሽቆለቆለ ሄደ። ብዙዎቹ ተዘጉ፤ የቀሩት ወደ ከብት ማረጃና ሥጋ መበለቻነት ተለወጡ።

ሻጩ ፍሪዘሩን ምን ብሎ ሸጠው? «ቁጠባ ነው» ብሎ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ «የፍሪዘር የምግብ ዕቅድ» የሚባል አሻሻጥ ተስፋፋ። ሻጩ ቤት ድረስ መጥቶ ይቀመጣል። «ፍሪዘሩን በየወሩ ክፍያ ይወስዳሉ፤ ምግቡን በጅምላ ዋጋ እናቀርብልዎታለን፤ ከምግቡ የሚተርፍዎት ገንዘብ የፍሪዘሩን ዕዳ ይከፍላል፤ ስለዚህ ፍሪዘሩን በነፃ አገኙ ማለት ነው» ይላል። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። በተግባር ግን በብዙዎቹ ዕቅዶች የፍሪዘሩ ዋጋ ከሱቅ ዋጋ በላይ ነበር። ለአራት ወር ይበቃል የተባለው ምግብ ቀድሞ ያልቃል፤ የወለድ ክፍያው ግን ይቀጥላል። የሸማቾች ጠባቂ ድርጅቶች ሕዝቡን አስጠነቀቁ፤ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም በአሳሳች ማስታወቂያ ላይ እርምጃ ወሰደ።

በኋላም ሌላ ዘዴ መጣ። «ግማሽ በሬ በርካሽ» ተብሎ በጋዜጣ ይነገራል። ገዢው ሲሄድ በርካሹ የተባለው ስባም፣ ጠቋራ ሥጋ ይታየዋል፤ ቀጥሎ «የተሻለ አለ» ተብሎ ውዱን ይሸጡለታል። ከዚህም በላይ የተነገረው ዋጋ ሥጋው ከነአጥንቱና ከነስቡ ተሰቅሎ በሚመዘንበት ክብደት ነው። ቤት የሚገባው ግን ከዚያ በብዙ ያንሳል። ይህ የሚዛን ነገር ዛሬም በሬ ለመግዛት ወደ እርሻ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በበኩላቸው ለቤት እመቤቶች የሚያስተምሩት ሌላ ዓይነት ሒሳብ ነበር። የፍሪዘሩ ዋጋ ለስንት ዓመት ይካፈላል? መብራቱ፣ ጥገናው፣ መጠቅለያው ስንት ነው? የሚጣለውስ? ይህን ሁሉ የደመረ ሰው፣ ፍሪዘር ምቾት እንደሚሰጥ ርግጠኛ ነው፤ ቁጠባ መስጠቱ ግን እንደ ባለቤቱ አያያዝ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ይደርስ ነበር።

1973፤ ሥጋ የተወደደበት ዓመት

በ1973 በአሜሪካ የሥጋ ዋጋ በድንገት ናረ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በመጋቢት 29 በሥጋ ላይ የዋጋ ጣሪያ ደነገጉ። የቤት እመቤቶች ግን «ጣሪያው ራሱ ከፍ ያለ ነው» ብለው ከሚያዝያ 1 እስከ 7 በመላ አገሪቱ ሥጋ ያለመግዛት አድማ መቱ። በበጋው ጣሪያው ለበሬ ሥጋ ሲቀጥል፣ ከብት አርቢዎች «ዋጋው ሲለቀቅ እንሸጣለን» ብለው ከብታቸውን ከገበያ አሸሹ። የሱቅ መደርደሪያ ሳሳ። ሕዝቡም ያገኘውን እየገዛ ማከማቸት ጀመረ፤ የፍሪዘርም ገበያ ደራ።

ከዚያስ? ጣሪያው በመስከረም ሲነሣ ተይዞ የቆየው ከብት ሁሉ ወደ ገበያ ጎረፈ። በዓመቱ መጨረሻና በ1974 የከብት ዋጋ በከፍተኛ ሁኔታ ወረደ። በድንጋጤ በውድ ገዝቶ ፍሪዘሩን የሞላ ሰው ውዱን ሥጋ ሲበላ ከረመ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ፍሪዘር በርካሽ ጊዜ ለሚገዛ መሣሪያ ነው፤ በድንጋጤ ለሚገዛ ግን የውድ ዋጋ ማቆያ ነው።

በዚያው ዓመት በጥቅምት የነዳጅ ማዕቀብ መጣ፤ የመብራት ዋጋም አሻቀበ። ያኔ ነው አሜሪካውያን የፍሪጅና የፍሪዘርን ሆድ መመርመር የጀመሩት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ የተለመደ ፍሪጅ በዓመት ወደ 1,800 ኪሎዋት ሰዓት ይበላ ነበር። የካሊፎርኒያ ግዛት ቀድማ መመዘኛ አወጣች፤ ከ1980 ጀምሮ ቢጫው የመብራት ፍጆታ ወረቀት በዕቃዎች ላይ መለጠፍ ጀመረ፤ በ1987 አገር አቀፍ ሕግ ወጣ፤ መመዘኛውም በ1990፣ በ1993፣ በ2001 እና በ2014 እየጠበቀ ሄደ። ዛሬ ከቀድሞው የሚሰፋ ፍሪጅ የሚበላው የዚያን ሩብ ያህል ነው።

ታሪኩ ግን አንድ ጠማማ ጎን አለው። ሰው አዲስ ፍሪጅ ሲገዛ አሮጌውን አይጥልም፤ ወደ ምድር ቤት ያወርደዋል። «በነፃ የተገኘ ሁለተኛ ፍሪጅ» ይሆናል። ያ አሮጌ ዕቃ አዲሱ ያተረፈውን መብራት መልሶ ይበላዋል። ስለዚህም ነው ብዙ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች አሮጌውን ከቤት መጥተው የሚወስዱት፤ ለባለቤቱም ገንዘብ የሚከፍሉት። ውድ አንባቢ ሆይ፣ መብራት የሚሸጥልህ ኩባንያ «ይህን ዕቃ ስጠኝና ልክፈልህ» ካለህ፣ ዕቃው ምን ያህል እንደሚያስወጣህ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግህም።

ቅርጫ፤ ያለ መብራት የሚሠራ ፍሪዘር

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በአገራችን በበዓል ዋዜማ ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ይገዛል። በሬው ታርዶ ሥጋው በቅጠል ላይ በመደብ ይደረደራል። ከሻኛው፣ ከታላቁ፣ ከታናሹ፣ ከዳቢቱ፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው፣ ከአጥንቱም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ማንም «የእኔ አነሰ» እንዳይል ከፋዩ ዕጣው ለማን እንደሚደርስ አያውቅም።

ብዙዎቻችን ቅርጫን የምናየው እንደ በዓል ወግ ነው። እኔ ግን የሎከሩን ታሪክ ከተመለከትኩ በኋላ ቅርጫ የማቆያ ዘዴ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍሪዘር በሌለበት አገር በሬን የሚያህል ሥጋ እንዳይበላሽ ማድረጊያው አንዱ መንገድ ማድረቅ ነው፤ ሌላው መንገድ ደግሞ በአንድ ቀን ለብዙ ቤት ማዳረስ ነው። እያንዳንዱ ቤት በጥቂት ቀን የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይወስዳል፤ የተረፈችው ቋንጣ ትሆናለች። በእስልምና ተከታይ ወገኖቻችን ዘንድም በአረፋ የታረደው እርድ ለቤተሰብ፣ ለዘመድ ወዳጅና ለድኻ መከፋፈሉ ሃይማኖታዊ ምንጩ ሌላ ቢሆንም ውጤቱ ይኸው ነው፤ ሥጋ አይከማችም፤ ይዳረሳል።

በባዕድ አገር ግን ምን ሆነ? ጎረቤት ተራራቀ፤ ፍሪዘር ረከሰ። አንዳንዱ ቤተሰብ ግማሽ በሬ ለብቻው መግዛት ጀመረ። ግማሽ በሬ ሲገዛ ሁለተኛ ፍሪዘር ግድ ይለዋል። ፍሪዘሩ ሲገዛ ደግሞ ባዶ መሆኑ ያስቆጫልና የጅምላ መደብሩ ሸቀጥ ይታከልበታል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። የምንጾም ሰዎች 55 ቀን ሥጋ አንነካም፤ የዓመቱን አጽዋማት ሁሉ ለሚጾም ደግሞ ከ180 ቀን ያላነሰ ነው። ፍሪዘሩ ግን አይጾምም፤ መብራቱን ይበላል። የፋሲካ ዕለትም ማንም የቆየውን ሥጋ አይፈልግም፤ አዲስ ይታረዳል። የቅበላው ሥጋ ከሥር ተቀብሮ ይቀራል።

ሒሳቡን እንሥራ

ቁጥር ከሌለ ክርክር አያልቅም። ለምሳሌ ያህል ትንሽ፣ አዲስ፣ ከላይ የሚከፈት ባለ 7 ኪዩቢክ ፊት ፍሪዘር በ300 ዶላር ተገዛ እንበል። 12 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 25 ዶላር ይደርሳል። በዓመት ወደ 215 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላና የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ 17 ሳንቲም ቢሆን፣ መብራቱ ወደ 37 ዶላር ነው። ድምሩ 62 ዶላር። ከፍሪዘሩ የተነሣ በአንድ ፓውንድ ሥጋ ላይ አንድ ዶላር የምንቆጥብ ከሆነ፣ ዕዳችንን ለመመለስ ብቻ በዓመት 62 ፓውንድ መብላት አለብን። «ማስቀመጥ» አላልኩም፤ መብላት። ትርፍ የሚጀምረው ከ63ኛው ፓውንድ ነው። በ6 ዶላር የተገዛ 10 ፓውንድ ሥጋ ከተጣለ ደግሞ 60 ዶላር ጠፋ፤ ሸክማችን በአንድ ጊዜ ወደ 122 ፓውንድ ወጣ ማለት ነው።

አሮጌውንስ በነፃ ያገኘ ሰው? በዓመት 1,000 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ ከሆነ በዚያው ዋጋ 170 ዶላር ነው። የነፃው ዕቃ ከአዲሱ በሦስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም።

በሬውንም እንመዝን። 1,200 ፓውንድ የሚመዝን በሬ ታርዶ ሲሰቀል 750 ያህል ይሆናል። አጥንቱና ስቡ ወጥቶ ቤት የሚገባው ወደ 490 ፓውንድ ነው። በተሰቀለው ክብደት «ፓውንዱ 4 ዶላር» ከተባለ ጠቅላላው 3,000 ዶላር ነው፤ ለ490 ሲካፈል ግን እውነተኛው ዋጋ 6 ዶላር ከ12 ሳንቲም ነው። የማረጃና የመበለቻ ክፍያ ከተጨመረ ከዚህም ይበልጣል። እርግጥ እኛ አጥንቱን ለቅቅል፣ ጨጓራውን ለዱለት ስለምንጠቀም ከሌላው አሜሪካዊ ይልቅ የሚጣልብን ያነሰ ነው። ይህ የእኛ ባህል እውነተኛ ትርፍ ነው።

ዋናው ነጥብ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ኪዩቢክ ፊት የፍሪዘር ቦታ ከ35 እስከ 40 ፓውንድ ሥጋ ይይዛል። ግማሹን በሬ የወሰደ ቤተሰብ 245 ፓውንድ ማስቀመጫ ሰባት ኪዩቢክ ፊት ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ፍሪዘር እስከ አፉ ሞላ ማለት ነው። ያንኑ በሬ ስምንት ቤተሰብ በቅርጫ ቢካፈለው ግን ለአንዱ የሚደርሰው ወደ 61 ፓውንድ ነው። ይህም ከሁለት ኪዩቢክ ፊት አይበልጥም። በወጥ ቤት ባለው ፍሪጅ ላይ ያለችው ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ ከዚያ በላይ ስለሆነች በቂ ናት! የፓውንዱ ዋጋ አንድ ነው፤ ስምንቱ ቤተሰብ ግን ሁለተኛ ፍሪዘር መግዛት አላስፈለጋቸውም። በሬውን በቁሙ በጋራ ገዝቶ ለራስ ፍጆታ ማሳረድ ሕጉም የሚፈቅደው ነው፤ የማይፈቀደው ሥጋውን መልሶ መሸጥ ነው።

የመብራት መጥፋትንም እንዳንረሳ። በነሐሴ 2003 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ሕዝብ በጨለማ ዋለ። በሰኔ 29 ቀን 2012 ዋሽንግተንን ጨምሮ ብዙ ግዛቶችን የመታው ማዕበል በሐሩር መካከል ብዙ ቤቶችን ለቀናት ያለ መብራት አስቀረ። በሩ ሳይከፈት ከቆየ የሞላ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላ 24 ሰዓት ያህል ይቋቋማል። ከዚያ በኋላ ግማሽ በሬ ያለው ግማሽ በሬ ያጣል፤ ስምንተኛውን የያዘ ግን ያጣው ስምንተኛውን ነው።

ታዲያ ሁለተኛ ፍሪዘር ለማን ይበጃል?

ለማንም አይበጅም ማለቴ አይደለም። ቤተሰቡ ብዙ የሆነ፣ በቅናሽ ጊዜ የሚገዛ፣ በየጥቅሉ ላይ ቀን የሚጽፍና የቆየውን አስቀድሞ የሚያወጣ ሰው ይጠቀማል። በግና ፍየል በፋሲካና በአረፋ ዋዜማ እንደሚወደድ አውቆ ቀድሞ የሚገዛም ይጠቀማል።

ከሁሉም በላይ የሚጠቀመው ግን በፍሪዘሩ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ሳይሆን የተሠራ ምግብ ያኖረ ነው። በቀን 12 ሰዓት መሪ ላይ የሚውል ሰው ምሳውን በ15 ዶላር ከውጭ ቢገዛ በሳምንት አምስት ቀን 75 ዶላር ያወጣል። ከቤቱ የበረደ ምስር ወጥና እንጀራ ይዞ ቢወጣ፣ የፍሪዘሩን የዓመት ወጪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊመልስ ይችላል። ነገር ግን ያንን ወጥ ማን ሠራው? ያንን እንጀራ እሑድ ሙሉ ቀን ምጣድ ላይ ቆሞ ማን ጋገረው? በብዙ ቤት እናት ወይም ሚስት ናት፤ እርሷም ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ውላ የምትገባ ናት። ባል «ፍሪዘሩ አተረፈልን» ብሎ ሲያወራ ያተረፈው ሣጥኑ ሳይሆን የእርሷ ጉልበት መሆኑ በሒሳቡ ውስጥ ሊገባ ይገባል። እሑድ ምጣዱ ዘንድ አብሮ የሚቆም ወንድ ካለ ደግሞ ትርፉ እውነተኛ ይሆናል።

መደምደሚያ

ከሎከሩ ዘመን ያነሣኋቸውን ሦስት ነጥቦች እንመልከት። ወጪው ይከፋፈል ነበር፤ ሥራው በዕውቀት ይሠራ ነበር፤ የሚቀመጠውም በእርግጥ ርካሽ ነበር። ፍሪዘሩ ወደየቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የቀረው መከፋፈሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ሻጩ «ቁጠባ» እያለ የሸጠልን ሣጥኑን ነው፤ ቁጠባው ግን በሣጥኑ ውስጥ አልነበረም፤ በሰዎቹ መካከል ነበር። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ማኅበራችን ባለፉት 10 ዓመታት በለቅሶ አስተዛዝኖናል፤ በደስታ አሰባስቦናል። ለሚቀጥለው 10 ዓመት አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በየሰፈሩ ስምንት ስምንት ቤተሰብ እየሆንን ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለአረፋ የቅርጫ ቡድን እናቋቁም፤ ማኅበሩም ስም ይመዝግብ፤ ከእርሻ ባለቤት ጋርም በአንድነት ይነጋገር። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ እንዲሉ፣ ሥጋውም ይረክሳል፤ ዓመት ሙሉ ሳይተያይ የሚከርመው ጎረቤትም በዕጣው ቀን ይገናኛል። ልጆቻችንም መደብ ምን እንደሆነ፣ ሻኛ ከዳቢት በምን እንደሚለይ፣ ዕጣ ለምን እንደሚወጣ በዓይናቸው አይተው ያድጋሉ።

ሁለተኛ ፍሪዘር ያለው አንባቢ ይህን ጽሑፍ ሲጨርስ ወደ ምድር ቤቱ ወርዶ ከሥር ያለውን ጥቅል ያውጣ፤ ቀኑንም ያንብብ። መልሱን ከእኔ ይልቅ እርሱ ይነግረዋል።

ለማኅበራችን መልካም 10ኛ ዓመት! ቸር ይግጠመን።